የተኩላው ድርሻ

አባቴ አውሬን ሁሉ የሚለኩት በጅብ ነበር። ከጅብ ያነሰውን አይፈሩትም፤ ከጅብ የበለጠውን ደግሞ ቤት ውስጥ ስሙን መጥራት አይወዱም። ስለዚህ አንድ ዓርብ ማታ ለሰንበት እራት እንደተቀመጥን፣ ማሳቸው አጠገብ ተኩላ ማየታቸውን ሲነግሩን ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ንቀት ብቻ ነው።

«እንዴ፣ ተኩላ ተኩላ ሲባል የኖረው ይሄ ነው?» አሉ። «የኛ አገር ጅብ እኮ ሲያዛጋ ይውጠዋል።»

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሥዕል መጽሐፍ ያየችው ተኩላ በር የሚሞላ ነበር። «ሳባ፣ ጋዶል?» አለቻቸው፤ አያቴ፣ ትልቅ ነው? ማለቷ ነው። እዚሁ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው። አባቴ ብድግ አሉና እጃቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩዋት። ልጄን ቅር አላት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ተኩላ ሰው ይበላል እኮ!»

«እኔን በልቶ ምን ያተርፋል? አጥንት ነኝ» ብለው ሳቁ፤ የዶሮውን እግር መጋጥም ቀጠሉ።

ከባለቤቴ ከተለያየሁ ወዲህ የምንኖረው ሦስታችን ነበርን፤ አባቴ፣ እኔና ልጄ። እናቴ ያረፈችው ጎንደር ከተማ፣ ወደዚህ የምንመጣበትን ቀን በኪራይ ቤት ስንጠብቅ ነው። እኔ ኤመቅ ሳራ ባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። አባቴ እዚህ ሲደርሱ ለሥራ አርጅተው ነበር፤ ለመቀመጥ ግን አላረጁም። ቤት ሲውሉ ከመስኮት ወደ መስኮት ይመላለሳሉ፣ እኔን ያስጨንቁኛል፣ የቧንቧ ውሃ በከንቱ ወረደ ብለው ከልጄ ጋር ይጣላሉ። ማሳውን ያገኙ ለት ነው ሁላችንም የተነፈስነው።

ሰፈራችን ከተማዋ የምታበቃበት ላይ ነው። የመጨረሻው ሕንፃ፣ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎ ዋዲው፤ ክረምት ላይ አንዳንዴ ጎርፍ የሚወርድበት፣ የቀረውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ሸለቆ። አፋፉ ላይ የኛ ሽማግሌዎች እየቆፈሩ በቆሎ፣ ጎመንና ቃሪያ ያበቅላሉ። ማንም አልፈቀደላቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። አጥራቸው የተጣለ የአልጋ ብረትና የፍሪጅ በር ነው፤ ውሃውን በጀሪካን ሞልተው በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ይወስዳሉ። ራሞት በሚባለው ሰፈር ባለ ግቢ ቤት ያላቸው ሰዎች አትክልተኛ ይቀጥራሉ። የኛዎቹ በዚያች በሰው መሬት ላይ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው መታመሙን እንኳ ይረሱት ነበር።

አባቴ ከሁሉም ድንች ይወዳሉ። ድንች ደግሞ ጃርትም ይወዳል። አንድ ጠዋት ወርደው ሲያዩ መደቡ ተገላብጦ፣ ግማሹ የተበላ ድንች ተበታትኖ፣ መሃሉ ላይ አንድ ረጅም የጃርት እሾህ ተጥሎ ጠበቃቸው። እሾሁን ቤት ድረስ ይዘውት መጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚያ በኋላ በርበሬ በተኑ፣ ጨርቅ ሰቀሉ፣ ቀዳዳ ደፈኑ። ጃርቱ በርበሬውን ተራምዶ ድንቹን በላ። «ይሄ የእስራኤል ጃርት ነው፣ የኛ ነገር አይገባውም» ብለው ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ነው ተኩላው ብቅ ያለው።

ተኩላው ከመጣ ወዲህ ጃርቱ ጠፋ። ሸሽቶ ይሁን ተበልቶ አናውቅም። አባቴ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ወይም የገባቸው መሰላቸው። በመንደራችን ከብት ሲታረድ አንጀቱና ሰኮናው ከቤት ርቆ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለጅብ ይጣል ነበር። ድርሻውን ያገኘ ጅብ በረት አይሰብርም ይሉ ነበር አያቶቻችን። እናም አባቴ ከሰንበት እራት የተረፈውን አጥንትና የዶሮ ቆዳ በፌስታል ቋጥረው እሁድ ጠዋት ወሰዱና ከአጥራቸው ወዲያ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡለት። የወይራ ፍሬ የነበረበትን ትልቅ ጣሳ በዶማው እጀታ መቱት፤ ና፣ ድርሻህ ቀርቧል ለማለት። በማግስቱ ድንጋዩ ተልሶ ጸድቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ይሄ የሳምንቱ ሥርዓት ሆነ። ከዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከታሃና መርካዚት አጠገብ ካለው ገበያ ለኛ ዶሮ ሲገዙ ለሱ አንገትና እግር ማስጠቅለል ጀመሩ። ከማሳቸው ቀጥሎ የሚቆፍሩ አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ ነበሯቸው፤ ሰው መተረብ የሚወዱ።

«እህስ፣ ዘበኛህ ደመወዙን ተቀበለ?» ይሏቸዋል ጠዋት ጠዋት።

«ተቀበለ። ሥራው ደህና ስለሆነ አንገት ጨምሬለታለሁ» ይላሉ አባቴ።

«እኔንም ቅጠረኝ እንግዲህ፣ ጥርስ እንደሁ ሁለት አለኝ።»

መጀመሪያ ተኩላው የሚመጣው ሰው ከሄደ በኋላ ነበር። ቀጥሎ አባቴ ከድንጋዩ ዘወር ሲሉ። ቀጥሎ ዘወርም ሳይሉ። ክረምቱ አልፎ ዋዲው ለጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ሲለብስ፣ አጥሩ ሥር በወደቀ አሮጌ ኬሻ ላይ ተጋድሞ አባቴ ሲኮተኩቱ ያያቸው ጀመር። ጓደኛቸው ይህን ሲያዩ በሳቅ ፈነዱ። «ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ ይሄ በገዛ አገሩ አስነጥፎ ተኛ!»

እኔ ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ግን አልወረደልኝም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እጀምራለሁ፤ ይበላዎታል፣ አንድ ቀን አጥንትዎን ለቅመን ነው የምንቀብረው፣ የሰው መሳቂያ አደረጉን። አባቴ ይሰሙኝና «አላየሽውም» ይሉኛል። «ብታይው እንዲህ አትይም።» እውነት ነው፣ አላየሁትም ነበር። በሐሳቤ ያለው ተኩላ የልጄ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው።

ስለዚህ አንድ የዕረፍት ቀኔ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ወረድኩ። ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ሆነው ወዴት ነው አሉኝ፤ ተኩላ ላባርር አልኳቸው፣ ሳቁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ኬሻው ላይ ተኝቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

ያንን ያህል አነስተኛ ነገር አልጠበቅሁም። እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ጎድኑ ከሩቅ የሚለይ፣ ቀለሙ የአሸዋ ነው። ትልቅ የነበረው ጆሮው ብቻ ነው። ራሞት ያሉ ሰዎች በገመድ የሚጎትቷቸው ውሾች ከሱ ይገዝፋሉ። የቆምኩበት ቦታ ሁለት የልብስ ማስጫ ገመድ ያህል እንኳ አይርቅም፣ እሱ ግን ብድግም አላለ። አየኝ፣ እጄን አየ፣ ምግብ አለመያዜን ሲያውቅ መልሶ ተኛ።

ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ። ነገሩ ሁሉ ፊቴ ነበር፤ ሰው ከነዱላው መጥቶበት ያልተነሳ አውሬ። ግን እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ እኔም የለካሁት በቁመቱ ነው። ለዚህች ከሲታ ነገር ነው እንዴ ስጮህ የከረምኩት ብዬ አፈርኩ። እንጨቱን አጥሩ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። አባቴ ከማሳው ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ፣ አሸናፊነታቸውንም ላለማሳየት ፊታቸውን አዞሩ። ምነው ያኔ ጮኼ በነበር እላለሁ አሁን። ምነው ያን እንጨት ባላስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ልጄ አብራቸው እንዳትሄድ የምከለክልበት አፍ አልነበረኝም። ዓርብ ዓርብ እኔ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከትምህርት ቤት የሚያወጧት አባቴ ናቸው፤ በመንገዳቸው ማሳው ጋ ጎራ ይላሉ። ልጄ ተኩላውን ከአጥሩ ውስጥ ሆና ታየዋለች። በሥዕል ደብተሯ ስትሥለው ከአያቷ አሳንሳ ነበር፣ ከራሷ ግን እኩል።

የደረሰው እንዲህ ነው። ድንች የሚወጣበት ሳምንት ነበር። አባቴ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ፤ ልጄ አጥሩ በር ላይ ቆማ ከምሳዋ የተረፈውን ሽኒጼል፣ የተጠበሰ የዶሮ ሥጋ፣ በፒታ ዳቦ ትበላለች። ጣሳውን ማንም አልመታም። ተኩላው ግን መጣ። ከዚያ በፊት ሳይጠራ ወደ ሰው ቀርቦ አያውቅም ነበር፣ ወይም እኛ አላየንም ነበር። ልጄ ስታየው አልጮኸችም፤ ለምን ትጮሃለች? የአያቷ ዘበኛ ነው። እንዳይወስድባት ብቻ ፒታዋን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው። ዘለለ። ፒታውን ስቶ ክንዷን ያዘ።

አባቴ በዶማው እጀታ ጀርባውን መቱት። ለቀቀ። ግን አልሸሸም፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቁጭ አለና አባቴን ማየት ጀመረ። ይህን የነገሩኝ ጓደኛቸው ናቸው፤ በሕይወታቸው እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር አይተው እንደማያውቁ ነው የነገሩኝ። አባቴ ልጅቱን አቅፈው አፋፉን ሲወጡ ከኋላቸው ተከተላቸው። መኪና ማቆሚያው ድረስ።

ሆስፒታል ስደርስ ክንዷን እየሰፉላት ነበር። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ፤ ለሌላውም ቀን ተመላልሳ እንድትወጋ ቀጠሮ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ ሸሚዛቸው ላይ ደምና አፈር። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፣ ብዬዎት አልነበር! ደስ ይበልዎ፣ አሳድገውታል! አልኩ። ከዚህም የባሰ ብያለሁ።  ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ በዕብራይስጥ «ኢማ፣ ሽኒጼሉን ብቻ ነው የፈለገው» አለች። አባቴ ምን እንዳለች አልጠየቁኝም፤ የገባቸው ይመስለኛል።

ሰው በልክነቱ ይኮራል። እኔ ያን ቀን ልክ በመሆኔ ከምቆጭ ይልቅ ተሳስቼ የሰፈር መሳቂያ ብሆን ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ የሆነች ሴት ቤታችን መጣች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ሶፋው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች፣ እኔ መሃል ሆኜ አስተረጎምኩ። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው አንቱታውን የምጨምረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከሁሉ በፊት የጠየቋት ያንኑ ነው።

«እንደዚያ ትንሽ ሆኖ እንዴት?»

«የበረሃው ተኩላ ትንሽ ነው» አለች። «ሙቀቱ ነው ያሳነሰው። በረዶ አገር ያለው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የእርስዎ ተኩላ ፀጉሩ ነው እንጂ ሲመዘን ከልጅቱ ብዙ አይከብድም።» ልጄ ምንጣፉ ላይ በፋሻ በታሰረ ክንዷ ትጫወት ነበር፤ ሦስታችንም አየናት። «ትልቁም ቢሆን ሰው ካየ ይሸሻል። የሚያስፈራው ትልቁ አይደለም፣ ሰው መፍራት የተወው ነው። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ ተኩላ ሰውንና ምግብን መለየት ይተዋል። ልጅ ደግሞ ለአፉ ቅርብ ናት።»

 አባቴ ለሷ ሳይሆን ለኔ፣ በቀስታ ነገሩኝ።

«አገራችን ለጅቡ ድርሻውን እየጣልን እናሳድደው ነበር። ውሻው አለ፣ ችቦው አለ፣ መንደሩ ሁሉ እልል እያለ በጩኸት ገደል ይከተዋል። ሥጋውን ይበላል፣ እኛንም ይፈራል። እኔ እዚህ ሥጋውን አመጣሁ፣ ጩኸቱን ተውኩት። ማን አለ ብዬ ልጩህ? ፖሊስ አይጠራብኝም?»

ይህን ስተረጉምላት ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ብቻዎን አይደሉም አለች፤ ዋዲው ውስጥ ሥጋ ጠብሰው ትራፊውን ጥለው የሚሄዱ ሞልተዋል። ግን አዎ፣ የእርስዎም እጅ አለበት አለች።

ሊይዙት የብረት ሳጥን ወጥመድ አጠመዱ። ሥጋውን አሽትቶ ዞሮ ሄደ፤ ከሳጥን መብላት አልለመደም። በመሃሉ ሕንፃዎቹ ሥር መታየት ጀመረ። አንዲትን ሴትዮ ከነዘምቢላቸው እስከ ደረጃው ተከተላቸው። የመጫወቻ ቦታው ባዶ ሆነ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። ሌላ ቦታ ወስዳችሁ አትለቁትም? ብዬ ተቆጣጣሪዋን ጠይቄያት ነበር። የትም ብንለቀው ሰው ፈልጎ ይሄዳል አለችኝ። ሁለተኛ ስትመጣ ጥያቄዋን አወቅሁት፤ አባቴም ሳልተረጉም አወቁት።

«ጣሳውን ልምታ ነው የምትለው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሌላ ሰው ቢመታው?»

ተሞክሮ ነበር። ጓደኛቸው መትተውት ነበር፣ ተቆጣጣሪዋም መትታው ነበር። አልመጣም። የአባቴን አመታት ነው የሚያውቀው።

አባቴ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። ክርስቲያን ሆነው ነው ያደጉት፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተጠመቅን ቤተ እስራኤሎች ነን። እዚህ መጥተን ወደ አይሁድነት ስንመለስ ማተባቸውን ራሳቸው በጥሰው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ግን እጃቸው አሁንም የነበረበትን ቦታ ይዳስሳል። በሳቸው ዘንድ ያበላና የበላ አይካካድም፤ ሰው ይሁን ከብት ለውጥ የለውም። እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር። ልጄን አዩ፣ ክንዷን አዩ።

«እሽ በያት» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረድን። የአስተርጓሚነቱ ጉዳይ ስላለ እኔም ሄድኩ። ሴትዮዋ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ከፍሪጁ በር ጀርባ ተቀምጣለች፣ ጠመንጃው ከሱ ጋር ነው። አባቴ ከፌስታሉ የዶሮ ሙሉ ጭን አወጡ። «ዛሬ አጥንት አይሰጠውም» አሉኝ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት፣ ጣሳውን አነሱ፣ መቱት። ያ ድምፅ ሕንፃዎቹ ድረስ ሄዶ ሲመለስ ይሰማ ነበር።

ከዋዲው ሥር ብቅ አለ። በሶምሶማ ነው የመጣው፣ ሰዓቱን አውቆ እንደሚገባ የቤት ከብት። ድንጋዩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሴትዮዋ አባቴ ዘወር እንዲሉ በእጇ ምልክት አሳየቻቸው። አባቴ አልተነቃነቁም። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ጣሳውን ጥለው በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ ጮሁ።

«ሂድ! ወግድ! ሂድ ወዲያ!»

ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና ወረወሩበት። ድንጋዩ ፊት ለፊቱ አርፎ ተንከባለለ። ተኩላው ቆመ። በልቤ ሩጥ፣ ሩጥ አልኩት፤ ልጄን የነከሰውን አውሬ፣ እኔው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ተወረወረው ድንጋይ ሄደ። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው፤ የሚበላ መስሎታል። አለመሆኑን ሲያውቅ ቀና ብሎ አባቴን አየ፣ የጠየቃቸው ያህል። ያን ጊዜ ተተኮሰ።

 የሴትዮዋ ባልደረባ ተኩላውን በእግሩ ሊጎትተው ሲል አባቴ እጁን ያዙትና ራሳቸው ጎንበስ ብለው በሁለት ክንዳቸው አቀፉት። ልጄን ተሸክመው በወጡበት መንገድ አፋፉን ወጡ፤ እኔ ዶማውንና ጣሳውን ይዤ ከኋላ። የተቆጣጣሪዎቹ መኪና ላይ ሲያስቀምጡት ወደኔ ዞሩ።

«ምንም አይከብድም እኮ» አሉኝ። «ምንም።»

ያ ያመኑት ፈረስ የሚለው ተረት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የጮህኩት፣ ለአባቴ ሳይሆን ለተኩላው ይገባ እንደነበር ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው።

ልጄ እውነቱን ታውቃለች፤ አልዋሸናትም። አለቀሰች፣ ለሱ ይሁን ለክንዷ አልለየሁትም። ጠባሳው ዛሬ ከክርኗ በታች ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ጃርቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ጓደኛቸው እንደነገሩኝ ያልወጣውን ድንች አንድ ሳያስቀር በልቶታል። አባቴ ማሳውን ለሳቸው ሰጧቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ አባቴ ይህን ተረት ሲሰሙ ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ፣ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ማንም አይለውም። እንደ ድሮው ከመስኮት ወደ መስኮት ይመላለሳሉ። አሁን ግን አልቆጣቸውም።

ከማሳው ያመጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ። በሱፐርማርኬቱ ጋሪ ጭነው፣ እየገፉ፣ ሕንፃችን በር ድረስ አመጡት። ዓርብ ማታ እራት ስንጨርስ የሁላችንንም ሳህን ይሰበስባሉ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው በፌስታል ቋጥረው በር አጠገብ ያስቀምጣሉ። እሁድ ጠዋት ይዘውት ይወርዳሉ። የቆሻሻውን ገንዳ ከፍተው ይጥሉታል፣ ክዳኑን ይዘጋሉ፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው ክዳኑ ላይ ይጭኑበታል።